የክሊክ ዕቁብ

«እትዬ፣ እንደምን ሰነበቱ? ዕድሜዬ 27 ነው። ባሕር ዳር አቅራቢያ ባለ ወረዳ በእንስሳት እርባታ ባለሙያነት ተቀጥሬ እሠራለሁ። ከሰባት ወር በፊት ስለ ዶሮ እርባታ ድረ ገጽ ከፈትኩ፤ ግማሹ በአማርኛ፣ ግማሹ በእንግሊዝኛ ነው። አድሰንስ የሚባለው፣ ጉግል በሰው ድረ ገጽ ላይ ማስታወቂያ እያወጣ ለባለ ገጹ የሚከፍልበት አገልግሎት ተፈቅዶልኝ ማስታወቂያ መውጣት ጀምሯል፤ በሰባት ወር ግን የተጠራቀመልኝ 41 ዶላር ብቻ ነው። በቅርቡ አንድ ጓደኛዬ 60 ሰዎች ያሉበት የቴሌግራም ቡድን ውስጥ አስገባኝ። በየቀኑ እኔ የሌሎቹን ማስታወቂያ እጫናለሁ፣ እነሱም የእኔን ይጫናሉ። የክሊክ ዕቁብ ነው የምንለው። ከገባሁ ዘጠኝ ቀኔ ነው፤ በአንድ ቀን 6 ዶላር የገባበት ጊዜ አለ። ጓደኛዬ ደግሞ የሌሎችን ጽሑፍ በማሽን እያስተረጎምክ 500 ገጽ ብታደርስ ደመወዝህን ትንቀዋለህ ይለኛል። ሥራ ለቅቄ በሙሉ ጊዜዬ ልያዘው ወይ? ሁለት ታናናሾቼን የማስተምረው እኔ ነኝ። ደግሞም አድራሻዬን ለማረጋገጥ ከጉግል በፖስታ ይመጣል የተባለው ፒን (የምስጢር ቁጥር) እስካሁን አልደረሰኝም። ምን ይመክሩኛል?»
ግራ የገባኝ፣ ከባሕር ዳር

ወንድሜ፣

ደብዳቤህን ሳነብ ዓይኔ የተተከለው «ዕቁብ» በሚለው ቃል ላይ ነው። ዕቁብ እንዴት እንደሚጣል አንተም ታውቃለህ። ሁሉም ከገዛ ኪሱ ይጥላል፣ ዕጣ የወጣለት ይወስዳል፣ ዙሩ ሲያልቅ ማንም የማንንም አልበላም። እናንተ ቡድን ውስጥ ግን ከኪሱ የሚጥል የለም። ስድሳ ሰው የሚከፋፈለው የስድሳ አንደኛውን ሰው ገንዘብ ነው፤ እሱ ደግሞ ገንዘቡ ዕቁብ መግባቱን አያውቅም። ስለዚህ ከሁሉ በፊት፣ ይህን ጽሑፍ አንብበህ ከመጨረስህም በፊት፣ ከቡድኑ ውጣ።

ያ ስድሳ አንደኛ ሰው ማን እንደሆነ ልንገርህ። ናይሮቢ ውስጥ የእንቁላል መፈልፈያ ማሽን የሚሸጥ አንድ ነጋዴ አለ እንበል። ለጉግል «ዶሮ ስለሚያረቡ ሰዎች በተጻፉ ገጾች ላይ ማስታወቂያዬን አሳይልኝ፤ በቀን ከ5 ዶላር በላይ ግን እንዳታወጣብኝ» ብሎ ይዋዋላል። አንተ ደግሞ እንቁላል በ37.5 ዲግሪ ሙቀት 21 ቀን እንደሚቆይ የሚያስረዳ ገጽ አለህ። የጉግል ሮቦት ገጽህን አስቀድሞ አንብቦ ስለ ምን እንደሚያወራ ለይቷል። ሰው ገጹን ሲከፍት፣ ዓይን ተርገብግቦ ሳያበቃ ጨረታ ይካሄዳል። የመኖ ሻጩ፣ የመድኃኒት አስመጪው፣ የናይሮቢው ነጋዴ ሁሉም ዋጋ ያቀርባሉ፤ ያሸነፈው ገጽህ ላይ ይወጣል። ማስታወቂያው ከገጹ ሐሳብ ጋር የሚገጥመው በዚህ መንገድ ነው። ለነጋዴውም ለአንተም ጥቅም የሚሆነው ማሽን የሚፈልግ አርቢ መረጃ ፍለጋ መጥቶ ሻጭ ሲያገኝ ነው፤ ሦስታችሁም ትጠቀማላችሁ።

አሁን የናንተን ቡድን በዚህ መሐል አስገባው። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ሃያ ሰው ገብቶ ማስታወቂያውን ይጫናል፣ በሦስት ሰከንድ ይዘጋዋል። የነጋዴው 5 ዶላር ረፋድ ላይ ያልቃል። ከሰዓት በኋላ እዚያው ኬንያ፣ ኪሱሙ ከተማ ያለች፣ በእውነት መፈልፈያ ልትገዛ የፈለገች ሴት ገጽህን ብትከፍት ማስታወቂያው አይታያትም። እሱ አልሸጠም፣ እሷ አልገዛችም። አንተም በወረዳህ የምታውቃቸው ዓይነት ሰዎች ናቸው፤ ጫጩት ለመግዛት ተበድረው የሚጀምሩ ሰዎች። ይህን የምጽፈው ላስፈራራህ ብዬ አይደለም፤ ቡድኑ ውስጥ ስትገባ የነጋዴው ፊት ስላልታየህ ነው።

ይህ ማጭበርበር አዲስ አይደለም። ለእያንዳንዱ ክሊክ መክፈልን አሜሪካ ውስጥ ጎቱ የተባለው መፈለጊያ እ.ኤ.አ. በ1998 ሲያስጀምረው የሐሰት ክሊክም አብሮ ተወለደ። ጉግል አድሰንስን እ.ኤ.አ. በ2003 ከፍቶ ማንኛውም ድረ ገጽ ያለው ሰው የማስታወቂያ ተካፋይ እንዲሆን ሲያደርግ፣ የሚያጭበረብረውም በዛ። እ.ኤ.አ. በ2006 በአርካንሶ ግዛት ያለ አንድ የስጦታ ዕቃ ሱቅ «ላልሆነ ክሊክ ገንዘባችንን አስከፈላችሁን» ብሎ ከሌሎች አስተዋዋቂዎች ጋር በመሠረተው ክስ ጉግል እስከ 90 ሚሊዮን ዶላር በሚደርስ ስምምነት ጉዳዩን ዘጋ። ከዚያ ወዲህ የሐሰት ክሊክን መለየት ለእነርሱ ትልቅ ሥራ ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ2021 ደግሞ በኮምፒውተሮች የሐሰት ተመልካች እየፈጠረ ከአስተዋዋቂዎች ከ7 ሚሊዮን ዶላር በላይ የዘረፈ ሩሲያዊ ኒው ዮርክ ላይ 10 ዓመት ተፈርዶበታል። የአንተ ነገር ከዚያ ጋር የሚወዳደር አይደለም። ነገር ግን ስልሳ ስልክ እየተዟዟረ የስልሳ ድረ ገጽ ማስታወቂያ ሲጫን፣ አንድም ሰው ምንም ሳይገዛ፣ ገጹንም ወደ ታች ሳያነብ፣ ማሽኑ ይህን ለማወቅ ወር አይፈጅበትም። በተለመደው ጊዜ ከመቶ አንባቢ አንድ ቢጫን ነው፤ የናንተ ቡድን ሲገባ ከመቶው ሠላሳው ይሆናል። ከስልሳው አንዱ ከተነቃበት ደግሞ የሌሎቻችሁም ክር አብሮ ይተረተራል።

ሌላም ጓደኛህ ያልነገረህ ነገር አለ። አድሰንስ እ.ኤ.አ. ከ2024 መጀመሪያ አንስቶ ለባለ ድረ ገጹ የሚከፍለው በክሊክ መሆኑ ቀርቷል። አስተዋዋቂው በክሊክ ሊከፍል ይችላል፤ ለአንተ የሚታሰብልህ ግን ማስታወቂያው በመታየቱ ነው። አስተዋዋቂው ከሚያወጣው ውስጥ ወደ 68 ከመቶ የሚሆነው ለባለ ገጹ ይደርሳል። ስለዚህ ገጽህ በጨረታው እንዲወደድ የሚያደርገው የሚመጣልህ ሰው ለነጋዴው የሚሆን ሰው መሆኑ ነው። ገዢ የማይወጣበት ገጽ በጨረታው ዋጋው እየወረደ ይሄዳል። ቡድናችሁ የገጽህን ዋጋ በራሱ እጅ እያወረደ ነው። ያየኸው 6 ዶላርም ግምታዊ ቁጥር ነው፤ ወሩ ሲዘጋ የሐሰት ናቸው የተባሉት ይቀነሳሉ፣ ለአስተዋዋቂውም ይመለሳሉ።

ይህን ከዳር ቆሜ አይደለም የምነግርህ። ከዓመታት በፊት ስለ ሕፃናት ምግብ የምጽፍበት ትንሽ ድረ ገጽ ነበረኝ። ከአንድ ማስታወቂያ አከፋፋይ ጋር እሠራ ነበር። የእህቴ ልጅ፣ ያኔ የ13 ዓመት ልጅ፣ በወር የማገኘው ስንት እንደሆነ ሰምቶ አዘነልኝ። ከትምህርት ቤት መልስ ኮምፒውተሬ ላይ እየተቀመጠ፣ ሊያስደስተኝ ብሎ፣ ማስታወቂያውን ሲጫን ሰነበተ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ሒሳቤ ተዘጋ፤ ተጠራቅሞ የነበረው 87 ዶላርም ቀረ። ይግባኝ ጻፍኩ፣ አልተቀበሉኝም። ልጁ እስከ ዛሬ ያን ቀን ሲያነሳ አንገቱን ይደፋል። ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ ሥራዬ ምን እንደሆነ ቁጭ ብዬ አላስረዳሁትም ነበር። የጠፋው 87 ዶላር አይደለም እስካሁን የሚቆጨኝ፤ ከዚያ በኋላ ያ ድረ ገጽ ዳግም እግር አላወጣም።

ታዲያ አሁን ምን ታደርጋለህ? ከቡድኑ ወጥተህ የሌሎቹን መጫን አቁም። የአንተ አድራሻ በእጃቸው ስላለ ለጥቂት ሳምንታት የማስታወቂያውን ኮድ ከገጽህ ላይ አንሳው፤ እነሱ ቢመጡም የሚጫኑት አያገኙም። ጉግል የሐሰት ክሊክ ጥቆማ የሚቀበልበት ቅጽ አለው፤ ከእገዛ ገጹ ፈልገህ ከየትኛው ቀን እስከ የትኛው ቀን ምን እንደተደረገ ጻፍላቸው። አንተም እንደተሳተፍክ አትደብቅ። ይህን ስታደርግ ሒሳብህ ሊዘጋ ይችላል፤ ይህን አውቀህ ግባበት። ቢዘጋ በእህትህ ወይም በእናትህ ስም ሌላ ልክፈት እንዳትል፤ ሁለተኛው ሲያዝ እነሱም ወደፊት በስማቸው መሥራት አይችሉም። ጓደኛህንም አትጣላው፤ ሒሳቡን ቁጭ ብለህ አሳየው። እሱም እንዳንተ ቸግሮት ነው የገባው።

ስለ 500 ገጹ አጭር ነው መልሴ፤ አታድርገው። ጉግል እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2024 ለፍለጋ ሲባል ብቻ በጅምላ የሚመረቱ ገጾችን ከውጤቱ እንደሚያወርድ ደንግጓል፤ በማሽን በጅምላ የተተረጎመ የሌላ ሰው ጽሑፍም እዚያው ውስጥ ይገባል። ከዚያ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። አንተ ስለ ዶሮ ነው የምትጽፈው። በመድኃኒት መጠን ላይ አንድ ነጥብ ቢሳሳት፣ ማሽኑ ሚሊ ሊትሩን ሊትር ቢለው፣ የሚያልቀው የአንዲት ሴት ሦስት መቶ ጫጩት ነው። ስምህን የጻፍክበት ገጽ ላይ አንተ ያላየኸው ቁጥር አይኑር።

ይልቅ ሌላ ሰው ሊጽፈው የማይችለውን ጻፍ። በየቀኑ አርቢ ቤት የምትገባ ሰው ነህ፤ ስንቱ ጸሐፊ ይህን ያገኘዋል? ፈንግል የተባለው የዶሮ በሽታ ሲገባ የመጀመሪያው ምልክት እንዴት እንደሆነ በስልክህ ያነሳኸው ፎቶ አለህ። ሰጋቱራው ሲረጥብ ምን እንደሚሸት ታውቃለህ። መብራት ሲጠፋ ጫጩቶቹ በከሰል እንዴት እንደሚሞቁና የከሰሉ ጭስ እንዴት እንደሚገድላቸው አይተሃል። ሳሶና ቦቫንስ የተባሉት የዶሮ ዝርያዎች በባሕር ዳር ሙቀት ለየብቻቸው እንዴት እንደሚሆኑ፣ መኖ ሲወደድ አርቢው ምን ቀንሶ ምን እንደሚተካ፣ ለፋሲካ የሚደርስ ዶሮ በየትኛው ወር መግባት እንዳለበት ይህ ሁሉ ከአፍህ የሚወጣ ነው። ሰው ጉግል ላይ የሚጠይቀውም ይህንኑ ነው። ባለፈው ሳምንት ወረዳ ቢሮ መጥተው የጠየቁህን ሦስት ጥያቄ ሦስት ገጽ አድርገው። ካለህ ገጽ ውስጥ ማንም የማያነበውን አውርደህ የቀረውን ብታሳምር ከ500 ይሻልሃል።

ቋንቋው ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። አድሰንስ የሚሠራባቸውን ቋንቋዎች ዘርዝሮ ያወጣል፤ ለረጅም ዓመታት አማርኛ ዝርዝሩ ውስጥ አልነበረም። ባልተዘረዘረ ቋንቋ በተጻፈ ገጽ ላይ ኮዱን መለጠፍ ደንቡ አይፈቅድም። ስለዚህ ዝርዝሩን ከእገዛ ገጹ ዛሬ ከፍተህ እይ፤ አማርኛን ካላገኘኸው ኮዱን ከአማርኛ ገጾችህ አንሳ። ይህ ማለት አማርኛውን ተወው ማለት አይደለም፤ በእኔ አስተያየት ትልቁ ሀብትህ እሱ ነው። የአማርኛ ገጽህን የሚያነበው ሰው ጎጃም ውስጥ፣ ቢሾፍቱ ውስጥ ዶሮ የሚያረባ ሰው ነው። ለዚያ ሰው መኖ የሚሸጥ፣ የአንድ ቀን ጫጩት የሚያከፋፍል፣ የመጠጫና የመመገቢያ ዕቃ የሚሠራ ነጋዴ እዚሁ አገር አለ። ሄደህ አናግረው። «በወር ይህን ያህል ሰው ስለ ጫጩት አያያዝ ገጼን ያነባል፤ ቁጥሩ ይኸው። በዚህ ገጽ ላይ ስምህንና ስልክህን በወር ይህን ያህል ብር ላውጣልህ» በለው። ይህም ከገጹ ሐሳብ ጋር የሚገጥም ማስታወቂያ ነው፤ ጨረታውን የምታካሂደው አንተ ስለሆንክ ብቻ ነው የሚለየው። በላዩ ላይ «ማስታወቂያ» ብለህ በግልጽ ጻፍበት። የመንግሥት ሠራተኛ ነህና አስቀድመህ መሥሪያ ቤትህን ጠይቅ፤ በሥራህ ለአርቢዎች ከምትመክረው ወይም ከምትቆጣጠረው ድርጅት ደግሞ ገንዘብ አትቀበል። አርቢው ነገ «ይህን መኖ ያለኝ ስለተከፈለው ነው» ካለ ምክርህን አይሰማህም።

ማስታወቂያውን ስታስቀምጥም ለአንባቢህ አስብ። የሚያነብህ በስልኩ ነው፣ የኢንተርኔት ጥቅሉንም በብር ገዝቶ ነው። በአንድ ገጽ ላይ አሥር ማስታወቂያ ብትደረድርበት ጥቅሉን ትበላበታለህ፣ ገጹም ሳይከፈት ተስፋ ቆርጦ ይወጣል። ሁለት ወይም ሦስት ይበቃሃል። ከ«ቀጣይ ገጽ» ወይም ከ«አውርድ» ቁልፍ ሥር አታስጠጋው፤ ሰው ሳያስበው ሲነካው እሱም እንደ ሐሰት ክሊክ ይቆጠርብሃል። «ማስታወቂያውን በመጫን አግዙን» የሚል ጽሑፍም በጭራሽ አይኑር።

ወደ ሥራህ ልምጣ። አትልቀቅ።

ሒሳቡን እንይ። በሰባት ወር 41 ዶላር ማለት በወር 6 ዶላር አካባቢ ነው፤ ያውም የዘጠኙ ቀን ሲወጣለት ያንሳል። ገጽህ በወር 3,000 ጊዜ ይታያል ብንል ከአንድ ሺህ ዕይታ 2 ዶላር ገደማ እያገኘህ ነው ማለት ነው። በዚያው ስሌት በወር 100 ዶላር እንዲገባልህ 50,000 ዕይታ ያስፈልግሃል። ትክክለኛውን የዕይታ ቁጥር ከራስህ ሒሳብ ላይ አውጥተህ ደመወዝህን በዶላር መንዝረው፤ ስንት ዕይታ እንደሚጎድልህ በአንድ መስመር ይወጣልሃል። ከአሜሪካ ወይም ከእንግሊዝ የሚያነብ ሰው የበለጠ ያስገኛል፣ እዚያ ለማስታወቂያ የሚፎካከረው ነጋዴ ብዙ ነውና። ነገር ግን ገቢው እንደ ደመወዝ ረግቶ አይቀመጥም። የፈረንጆች ገና ሲቃረብ ይወጣል፣ ጥር ሲገባ ይወድቃል። ከ2024 ወዲህ ደግሞ ጉግል በሰው ሠራሽ አስተውሎት መልሱን ራሱ ከላይ ጽፎ ማሳየት ጀምሯል፤ አንዳንዱ ጠያቂ መልሱን እዚያው አንብቦ ወደ ገጽህ ሳይመጣ ይሄዳል። እንዲህ ባለ ነገር ላይ የሁለት ልጅ የትምህርት ቤት ወጪ አይጫንም። ደግሞስ ወረዳውን ብትለቅ ምን ልትጽፍ ነው? ገጽህን የሚመግበው ሥራህ ነው። ማታ ማታ አንድ ሰዓት፣ ቅዳሜ ግማሽ ቀን ስጠው። ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ያለ ማንም ቡድን፣ በየወሩ ከደመወዝህ በላይ ካስገባ ያን ጊዜ እንደገና ጻፍልኝና እንነጋገር።

የፒኑን ነገር ለመጨረሻ ያቆየሁት ቀላል ስለሆነ ነው። ሒሳብህ 10 ዶላር ሲሞላ ባለ 6 አኃዝ ቁጥር በተራ ፖስታ ይላክልሃል። ፖስታ አገራችን የሚደርሰው በፖስታ ሣጥን ነው፤ ያስመዘገብከው አድራሻ «ቀበሌ 14፣ ከመስጊዱ ጀርባ» ዓይነት ከሆነ ፖስተኛው የት ያድርሰው? የራስህ ሣጥን ከሌለህ አስፈቅደህ የመሥሪያ ቤትህን ወይም የዘመድ የፖስታ ሣጥን ቁጥር አስገባና አዲስ ፒን ጠይቅ። ምትኩን እስከ ሦስት ጊዜ መጠየቅ ይቻላል፤ ከዚያ በኋላ በመታወቂያ ማረጋገጥ ትችላለህ። የመጀመሪያው ፒን ከተላከ አራት ወር ካለፈ ግን ማስታወቂያው ይቆማልና ቀኑን ቁጠር። ስምህን በላቲን ፊደል ስትጽፍ መታወቂያህም፣ የባንክ ደብተርህም፣ አድሰንሱም ላይ አንድ ዓይነት ይሁን፤ በአንዱ ላይ የአያት ስም ገብቶ በሌላው ከጎደለ ወይም አንዷ ፊደል ከተለወጠች ባንኩ ገንዘቡን ሊመልሰው ይችላል። 100 ዶላር ሲሞላ የሚከፈልህ በቀጣዩ የፈረንጅ ወር ከ21 እስከ 26 ባለው ጊዜ ነው።

ነገ ሥራ ስትገባ በመንገድህ ፖስታ ቤት ጎራ በል። ስለ ፈንግል የጻፍከውን ገጽ ደግሞ ላክልኝ፤ ጎረቤቴ በቅርቡ ሃምሳ ጫጩት አስገብታለችና እንድታነበው እሰጣታለሁ።